ማሽን የወሰነው፣ ድርጅት የሚጠየቅበት፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በንግድ ሥራ ውስጥ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ንግድ ሥራ ሲገባ አብረውት ከሚገቡት የተሳሳቱ ግምቶች ዋነኛው፣ ማሽኑ የቀረበለትን ጉዳይ እንደ አዋቂ ሰው አመዛዝኖ ይፈርዳል የሚለው ሲሆን፣ ሌሎቹም አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። ዛሬ በባንኮች፣ በመደብሮችና በአየር መንገዶች ሥራ ላይ የዋሉት ሥርዓቶች በብዛት የተመሠረቱት ማሽን ለርኒንግ በተባለው ዘዴ ላይ ነው። በዚህ ዘዴ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ደንብ ከሰው እየተቀበለ አይሠራም፤ ቀድሞ የተከናወኑ ሥራዎች መዝገብ ይቀርብለትና፣ በመዝገቡ ውስጥ ተደጋግሞ የሚታየውን ዝምድና በስሌት አውጥቶ፣ ወደፊት ለሚመጣው ጉዳይ ግምት ይሰጣል። የመልሱ ምንጭ ያለፈው መዝገብ በመሆኑ፣ መዝገቡ የተዛባ ከሆነ መዛባቱን፣ የጎደለ ከሆነም ጉድለቱን ይዞ ይቀጥላል።

አማዞን ይህን ያየው በራሱ የቅጥር ሥራ ላይ ነው። ኩባንያው ከ2014 ጀምሮ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሥራ አመልካቾችን ማስረጃ አንብቦ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጥ ፕሮግራም ሲያዘጋጅ፣ ለማስተማሪያነት የተጠቀመው በ10 ዓመታት ውስጥ የደረሱትን ማመልከቻዎች ነበር። ከአመልካቾቹ የሚበዙት ወንዶች ስለነበሩ ፕሮግራሙ ወንድነትን የብቃት ምልክት አድርጎ ወሰደ፤ የሴቶች ቼዝ ክበብ መሪነትን የመሰለ ልምድ የጠቀሰውን ማመልከቻ ዝቅ አድርጎ መዘነ፤ ከሁለት የሴቶች ኮሌጆች ለተመረቁትም ነጥብ ቀነሰባቸው። መሐንዲሶቹ እነዚህን ቃላት እንዳይቆጥር ቢያስተካክሉትም፣ በሌላ ተዘዋዋሪ ምልክት ወደዚያው አድልዎ ላለመመለሱ ዋስትና ስላልነበራቸው ሥራው ተቋረጠ፤ ሮይተርስ የዜና ወኪልም ጉዳዩን በ2018 ይፋ አደረገው። ኩባንያው በበኩሉ ቀጣሪዎቹ አመልካቾችን ለመመዘን ፕሮግራሙን እንዳልተጠቀሙበት ገልጿል። ያም ሆኖ ማንም አዳላ ብሎ ያላዘዘው ማሽን በአድልዎ መሥራቱ፣ ማሽን ስለሆነ አያዳላም ብለው ለሚያምኑ ሥራ አስኪያጆች ሁሉ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው።

መረጃ ሲበዛ ትንበያው እርግጠኛ ይሆናል የሚለው ግምትም ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። የአሜሪካው የቤት ገበያ ድርጅት ዚሎው ከ2006 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶችን ዋጋ በስሌት ሲገምት ኖሮ፣ በ2018 ራሱ ቤት እየገዛና እያደሰ መሸጥ ጀመረ። የኮሮና ወረርሽኝ ያናወጠው ገበያ ግን ካለፈው መዝገብ ጋር የማይመሳሰል ሆነና፣ ድርጅቱ ብዙ ቤቶችን ኋላ ሊሸጥባቸው ከሚችለው ዋጋ በላይ ገዛቸው። በኖቬምበር 2021 ይህን ሥራውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ ከያዛቸው ቤቶች ዋጋ ላይ 304 ሚሊዮን ዶላር መቀነሱንና ከሠራተኞቹም አንድ አራተኛ ያህሉን እንደሚያሰናብት ገለጸ። ያ ሁሉ መረጃ የያዘው ቀድሞ የተከፈለውን ዋጋ እንጂ፣ ከወራት በኋላ ገዢ የሚከፍለውን አልነበረም።

ማሽን ሠራተኛን ሙሉ በሙሉ ይተካል የሚለው ትንቢት ደግሞ አንድን ሙያ ከአንድ ተግባር ጋር ከማመሳሰል የመጣ ነው። የመስኩ ታላቅ ሊቅ ጆፍሪ ሂንተን በ2016 የራጅ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከእንግዲህ መቆም አለበት ብሎ ነበር፤ ምስል ማንበብ ከሥራቸው አንዱ ክፍል ብቻ በመሆኑ ግን ሐኪሞቹ ዛሬም ይፈለጋሉ። ሆኖም ሥራው ከሞላ ጎደል በተደጋጋሚ ተግባር ላይ ለተወሰነ ሠራተኛ ስጋቱ እውነተኛ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ከሁሉ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው፣ ውሳኔው ለማሽን ሲሰጥ ኃላፊነቱም አብሮ ይሄዳል ብሎ ማሰብ ነው። የኤር ካናዳ ቻትቦት፣ ማለትም ከደንበኛ ጋር በጽሑፍ የሚነጋገር ፕሮግራም፣ በ2022 ዘመድ ለሞተበት መንገደኛ በሙሉ ዋጋ ትኬት ገዝቶ የሐዘንተኛ ቅናሹን በ90 ቀናት ውስጥ መጠየቅ እንደሚችል ነገረው፤ የአየር መንገዱ ደንብ ግን ከጉዞ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄን አይቀበልም ነበር። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለድርጊቱ ራሱ ተጠያቂ የሆነ የተለየ አካል እንደሆነ አድርጎ ቢከራከርም፣ ጉዳዩን የተመለከተው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዳኝነት አካል በፌብሩዋሪ 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ለመንገደኛው ካሳ እንዲከፈል ወሰነ።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት አዳዲስ የቋንቋ ሞዴሎች ጽሑፍን ቶክን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ከፋፍለው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እየገመቱ ስለሚጽፉ፣ ሐሰቱንም እንደ እውነቱ በተቃና ዐረፍተ ነገር ያቀርቡታል። በአማርኛ ሲሆን ችግሩ ይበረታል፤ የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው አንጻር እጅግ ጥቂት ነው፤ የአማርኛ ቃል ብዙውን ጊዜ በበለጡ ቶክኖች ስለሚቆራረጥም፣ በቶክን ብዛት ለሚከፍል ድርጅት ወጪው ይከብዳል። «ነገ ሦስት ሰዓት» የሚለውን ቀጠሮ ማሽኑ እንደ አገሬው ይረዳው እንደሆነ ወይም በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥረው እንደሆነ፣ በእንግሊዝኛ የተመዘገበን ውጤት ብቻ አይቶ የሚገዛ ድርጅት ሊያውቅ አይችልም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበው በብድር ላይ ነው። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ምቹ» ብሎ እንደጀመረው ያለ፣ ያለ መያዣ የሚሰጥ ዲጂታል ብድር፣ ቤትና መኪና ለሌላቸው ነጋዴዎች በር መክፈቱ በእውነት የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ተበዳሪን የሚመዝን አልጎሪዝም፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ የተዘረጋ የስሌት ሥርዓት፣ የሚያየው በዲጂታል የተመዘገበውን ብቻ ነው። ለዓመታት ዕቁቧን ቀን ሳታሳልፍ የጣለች ነጋዴ ታማኝነቷ የሚገኘው በዕቁቡ ጸሐፊ ደብተር ላይ በመሆኑ ለማሽኑ አትታወቅም፤ የማይታወቅን ሰው ከማይታመን ሰው መለየት ደግሞ አበዳሪው አስቦ ካልሠራበት በቀር ከስሌቱ በራሱ አይገኝም። ስለዚህ ብድር የተከለከለችው ነጋዴ ምክንያቱን የምትጠይቅበት፣ የዕቁብ ደብተሯን የመሰለ ማስረጃ የምታቀርብበትና ውሳኔውን ለመለወጥ ሥልጣን ካለው ሠራተኛ ጋር የምትገናኝበት አሠራር፣ ሥርዓቱ ገና ሲገዛ በውሉ ውስጥ ሊገባ ይገባል።