ፒተር ኩሺንግ እና ሥራ የማይፈቱት እጆቹ

ፒተር ኩሺንግ በ1913 በእንግሊዝ፣ ሰሪ በሚባለው አውራጃ ተወልዶ ኦገስት 11 ቀን 1994 በካንተርበሪ ከተማ በ81 ዓመቱ ያረፈ ተዋናይ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሃመር በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ አስፈሪ ፊልሞች ውስጥ ባሮን ፍራንከንስታይንን ስድስት ጊዜ፣ የደም መጣጮች አሳዳጅ የሆነውን ቫን ሄልሲንግን ወይም የእሱን ዘር ደግሞ አምስት ጊዜ ሆኖ ተጫውቷል። ሼርሎክ ሆምስንም በ1959 በፊልም፣ በ1968 በቴሌቪዥን ሠርቷል። አስፈሪ ፊልም ለማይወዱት ግን በ1977ቱ ስታር ዎርስ ግራንድ ሞፍ ታርኪንን ሆኖ የታየው ጉንጨ ሥርጉድ አዛዥ ነው።

ዝናው የመጣው ዘግይቶ ነው። በወጣትነቱ ሆሊውድ ሄዶ ከቀልደኞቹ ሎሬልና ሃርዲ ጋር በአንድ ፊልም ትንሽ ቦታ አገኘ፤ ሎረንስ ኦሊቪየር በ1948 በሠራው ሃምሌት ኦዝሪክን ሆነ፤ ሥራ ሲጠፋ የሐር ሻርፕ ላይ ሥዕል እየሳለ የዕለት እንጀራውን አገኘ። ስሙ በየቤቱ የገባው ቢቢሲ እሱ የተወነበትን የጆርጅ ኦርዌል ልቦለድ «1984»ን በዲሴምበር 1954 በቀጥታ ሲያስተላልፍ ነው። ድራማው በጣም ከመክበዱ የተነሳ ጉዳዩ ፓርላማ ደረሰ። በ1957 ሃመር የፍራንከንስታይን እርግማን የተሰኘውን ባለቀለም ፊልም በአነስተኛ ገንዘብ ሠራ። ሐያሲያን ተጸየፉት፤ ሕዝቡ ግን ሲኒማ ቤቱን ሞላው።

ስለ ኩሺንግ በተደጋጋሚ የሚሰማው ስሕተት ከዚሁ ፊልም ይጀምራል። ፖስተር ብቻ አይተው የሚያወሩ ሰዎች «ፍራንከንስታይንን የሠራው» ሲባል ስፌት የበዛበት ግዙፉ ፍጡር እሱ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዶች ደግሞ ድራኩላም እሱ ነበር ይላሉ። ሁለቱንም የተጫወተው ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሊ ነው። ፍራንከንስታይን የፍጡሩ ፈጣሪ፣ የተማረውና ጨዋው ባሮን ነው። ይህን መለየት የቃላት ጭቅጭቅ አይደለም፤ የሃመር ፊልሞች የቆሙበት ሐሳብ ነውና። በቀደሙት የአሜሪካ ፊልሞች ተመልካቹ የሚፈራው ፍጡሩን ነበር። ሃመር ግን በየፊልሙ ፍጡሩን እየለዋወጠ ባሮኑን አስቀረ፤ ማለትም የሚያስፈራው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቁርሱን በሥርዓት በልቶ፣ በጎረቤት ክፍል ሬሳ የሚቆራርጠው ሰው ሆነ። ለዚህ ደግሞ ጥርሱን የሚያፋጭ ተዋናይ አይበጅም፤ የሚታመን ሰው ያስፈልጋል።

ኩሺንግ የሚታመነው በእጆቹ ነው። ፊቱን የሚያደንቁ ብዙዎች ናቸው፤ ጉንጩ፣ አጥንቱ፣ ሰማያዊ ዓይኑ በየመጽሔቱ ተጽፏል። እጁን ልብ ያለ ግን ጥቂት ነው። በማንኛውም ትዕይንት ውስጥ እጁ ሥራ አይፈታም፤ ሲናገር መነጽር ይጠርጋል፣ ጠርሙስ ይከድናል፣ ጓንት ያወልቃል፣ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ዓረፍተ ነገሩና እንቅስቃሴው እኩል ያልቃሉ። ባልደረቦቹ በዚህ የተነሳ «ፕሮፕስ ፒተር» (ባለዕቃው ፒተር እንደማለት) የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ይህ በድንገት የመጣ አልነበረም። ስክሪፕቱን አስቀድሞ በማስታወሻ ይሞላዋል፤ የሚለብሰውን ልብስ ራሱ ይስላል፤ ባሮኑ የሚያደርገውን ቀዶ ጥገና እንዴት አድርጎ ማሳየት እንዳለበት የገዛ ሐኪሙን ጠይቋል። በቤቱም ትንንሽ የአሻንጉሊት ወታደሮችን በብሩሽ እየቀባ ሰዓታት የሚያሳልፍ ሰው ነበር። ለዓመታት እንጀራ የጋገረች ሴት ሊጡን ምጣዱ ላይ ሳታይ እንደምታዞር፣ እሱም መሣሪያውን ሳያይ ያነሳል፤ ተመልካቹም «ይህ ሰው ሁልጊዜ ይህን ሲሠራ ኖሯል» ብሎ ያምናል።

በ1957ቱ ፊልም ባሮኑ ከተሰቀለ ወንበዴ ሬሳ ጭንቅላቱን ከቆረጠ በኋላ ደም የነካ እጁን በገዛ ልብሱ ላይ ይጠርጋል። ንግግር የለም፤ ፊቱም አይለወጥም። ሥጋ ቤት የሚሠራ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው፤ አስፈሪነቱም እሱ ነው። በዚያው ፊልም አጉሊ መነጽር ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ዓይኑ ግዙፍ ሆኖ የሚታይበት ትዕይንት በኋላ መቀለጃ ሆነ፤ የቀለደበትም ራሱ ነው። በ1984ቱ ቶፕ ሲክሬት በተሰኘ አስቂኝ ፊልም የመጽሐፍ ሻጭ ሆኖ አጉሊ መነጽሩን ከፊቱ ሲያነሳ፣ ከጀርባው ያለው ዓይን እውነትም ያን ያህል ትልቅ ሆኖ ይገኛል።

የእጁ ታላቅ ሥራ ግን የ1958ቱ ድራኩላ መጨረሻ ነው። በስክሪፕቱ ቫን ሄልሲንግ ከኪሱ መስቀል አውጥቶ ድራኩላን እንዲያስፈራራ ነበር የታሰበው። ኩሺንግ ቅር አለው፤ ሰውየው በፊልሙ ሁሉ መስቀል እያወጣ መስቀል ሻጭ ሊመስል ነው። ስለዚህ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሮጦ፣ ዘሎ መጋረጃውን ቀድዶ የፀሐይ ብርሃን እንዲያስገባ፣ ከዚያም ሁለት የሻማ መቅረዞችን አጣምሮ መስቀል እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። ዳይሬክተሩ ቴሬንስ ፊሸር ተቀበለው። ዛሬ ፊልሙ ሲነሳ ቅድሚያ የሚነሳው ያ ሩጫ ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ለዳይሬክተሩ ብቻ ይቆጠራል። በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ ቁርጥራጩን ብቻ የሚያዩ ደግሞ ሌላ ነገር ያጣሉ፦ ቫን ሄልሲንግ ከመሮጡ በፊት ታንቆ ራሱን እንደሳተ አስመስሎ መውደቁን። ሩጫው ትርጉም የሚያገኘው በዚያ ማታለል ነው።

ከሊ ጋር ከሃያ በላይ ፊልሞች ሠርተዋል። በ1957ቱ ፊልም ሊ፣ ፍጡሩ አንድም የሚናገረው ቃል እንደሌለው ሲያማርር ኩሺንግ እድለኛ እንደሆነ፣ ስክሪፕቱን እሱ እንዳነበበው ነግሮታል ይባላል። በሕይወታቸው ዘመን ሁሉ በስልክ የካርቱን ድምፅ እያስመሰሉ ይሳሳቁ ነበር። ልደታቸውም ጎን ለጎን ነው፤ የኩሺንግ ሜይ 26፣ የሊ ሜይ 27። በዚያው በ27 የተወለደውን ተዋናይ ቪንሰንት ፕራይስን ጨምረው አድናቂዎች ሁለቱን ቀናት በአንድነት ያስባሉ።

በጃንዋሪ 1971 ሚስቱ ሄለን ሞተች። ሐዘኑ አካሉን ለወጠው፤ በ1972ቱ የድራኩላ ፊልም የአንዲት ወጣት አባት እንዲሆን የተጻፈለት ቦታ በአያትነት እንዲታረም ግድ እስኪሆን ድረስ አረጀ። ከዚያ በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገር፣ ከእሷ ጋር የሚገናኝበትን ቀን እየጠበቀ መሆኑን አይሸሽግም ነበር። ቢሆንም ሥራ አላቆመም። በስታር ዎርስ ቀረጻ የተሰጠው ቦት ጫማ ጠቦት ስለነበር ካሜራው እግሩን ሳያሳይ በነጠላ ጫማ ተጫውቷል። በ1982 የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበት፤ አሥራ ሁለት ዓመት አብሮት ኖረ። የመጨረሻ ሥራው በ1994 ከሊ ጋር ስለ ሃመር ታሪክ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ላይ ያነበበው ትረካ ነው፤ የተቀረጸውም ከመሞቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው።

ከሞተ በኋላ የአድናቂዎቹ መታሰቢያ ያተኮረው በዊትስቴብል ላይ ነው፤ ከ1959 ጀምሮ የኖረባት የኬንት የባሕር ዳር ከተማ። በባሕሩ ዳር «የኩሺንግ እይታ» የተባለ መቀመጫ አለ፤ የቀድሞ ሲኒማ ቤት የነበረ መጠጥ ቤትም በስሙ ይጠራል። በ2013 ሮያል ሜይል ምስሉን በቴምብር አትሟል። ከጎብኚዎቹ መካከል ሰብሳቢዎችም፣ ሌሊት በቴሌቪዥን ሲያዩት ያደጉ ሰዎችም አሉ።

በጣም የተከራከሩበት ግን የ2016ቱ የስታር ዎርስ ፊልም ሮግ ዋን ነው። ጋይ ሄንሪ የተባለ ተዋናይ ከተጫወተ በኋላ የኩሺንግ ፊት በኮምፒውተር ተተክቶ ታርኪን እንደገና ብቅ አለ። የፊልሙ ሠሪዎች የውርሱን ጠባቂዎች ፈቃድ አግኝተዋል። ግማሾቹ አድናቂዎች እሱን ማየታቸው አስደሰታቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ተናደዱ፤ ተዋናዩ የሌለበት ትወና ነው ብለው። ሁለቱም ወገኖች ለአዲስ ተመልካች የሚሰጡት ምክር ግን አንድ ነው፤ መጀመሪያ የ1957ቱን ይመልከት፣ ሮግ ዋንን በኋላ።