ድምፅዋ ሳይሰማ የወለደች

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስለ አንዲት ወላድ «ድምፅዋ ሳይሰማ ወለደች» ከተባለ ትልቅ ምስጋና ነው። አማት ስለ ምራቷ በኩራት ትናገረዋለች፤ አራስ ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች ገንፎውን ከበው ይደጋግሙታል። ጥርሷን ነክሳ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ምጡን የቻለች ሴት ጨዋ ናት፤ የደኅና ሰው ልጅ ናት፤ እግዚአብሔርን የምትፈራ ናት። የጮኸችው ግን «አሳፈረችን» ትባላለች። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምሠራው በዚሁ አገር ነው፤ እምነቴም የእነዚህ እናቶች እምነት ነው። ይህን ምስጋና በሰማሁ ቁጥር ለምን እንደምፈራ እንደ ባለሙያም እንደ ክርስቲያንም ልናገር።

ለአዋላጅ የወላዷ ድምፅ መረጃ ነው። የፅንሱን የልብ ምት አዳምጣለሁ፤ የማኅፀን በር መከፈቱን እለካለሁ፤ ሁሉንም ፓርቶግራፍ በምንለው ቅጽ ላይ አሰፍራለሁ። ራሷን ሲፈልጣት፣ ዐይኗ ሲጨልምባት፣ ከጎኗ ያልተለመደ ሕመም ሲይዛት ግን የምታውቀው እሷ ናት። ሕፃኑ በሰላም ከተወለደ በኋላ ጋቢ ለብሳ ዝም ብላ የተኛች እናት ከሁሉ ይልቅ ታሰጋኛለች። ደም እየፈሰሳት «ደኅና ነኝ፣ ሲስተር» ትለኛለች። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ አንዲትን ጤነኛ ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ቃሏን ብቻ አላምንም፤ ልብሱን ገልጬ አያለሁ፤ ሆዷን ዳስሼ ማኅፀኗ መጠንከሩን አረጋግጣለሁ።

ይህች ጤና ጣቢያ የደረሰችው ናት። በስማዳ ቆላ ምጧ በእኩለ ሌሊት የጀመራት ሴት ባሏን መቀስቀስ ታፍራለች። እስኪነጋ ትጠብቃለች፤ ነግቶም ከብቱ እስኪወጣ፣ እንጀራው እስኪጋገር ትጠብቃለች። ነገሩ ሲጠና ሰው ተጠርቶ፣ ቃሬዛ ተዘጋጅቶ፣ አቀበቱን በትከሻ ወጥተው መኪና ከሚገባበት ይደርሳሉ። ቀዶ ጥገና ካስፈለጋት ደግሞ እስከ ደብረ ታቦር ሊያደርሳት የሚችል መንገድ ይቀራታል። መንገዱን እኔ ላሳጥረው አልችልም። ከመንገዱ በፊት በዝምታ ያለፉትን ሰዓታት ግን ማሳጠር ይቻላል።

እነዚያ ሰዓታት ሳይገድሉ ሲቀሩ የሚተዉት ጠባሳ ፌስቱላ ነው። የፅንሱ ራስ ለረጅም ጊዜ ተጭኖት የቆየው ሥጋ ይሞትና ይቀደዳል፤ ሴቲቱ ሽንቷ ሳይታዘዛት ይፈሳል። ክርስቲያኖቹ ባልና ሚስት ሐኪሞች ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፌስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ማዕከል የተከፈተው እንዲህ ላሉ ሴቶች ነው። ከጓዳ ተደብቃ ዓመታት ያሳለፈች ሴት ወደዚያ ስትላክ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ሕክምናው አይደለም፤ «ሰው ያውቅብኛል ወይ?» ነው።

የዝምታው ምንጭ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ሔዋንን የሚጠቅሱልኝ አሉ። በጭንቅ እንድትወልድ ተፈርዶባታልና ጭንቁን ችሎ መቀበል የሴት ግዴታ ነው ይሉኛል። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ምድር እሾህና አሜከላ እንድታበቅልበት አዳም ተነግሮታል። እሾኹን ከማሳው ሳይነቅል የተወ የእስቴ ገበሬ አላየሁም። አረሙን ያርማል፤ ማዳበሪያ ይገዛል፤ ማንም ትእዛዝ ጣስህ አላለውም። በወንዱ ማሳ ላይ የተፈቀደው መድከምና መታከም በሴቲቱ አካል ላይ የሚከለከልበትን ምክንያት መጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁትም።

ደግሞም አንድ ጩኸት ለሁሉም የተፈቀደ ነው። ምጥ የያዛት ሴት «ማርያም! ማርያም!» ብላ ስትጣራ የሚቆጣት የለም፤ በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ከእሷ ጋር ይጣራሉ። በእርግዝናዋ ጊዜ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ስትባል የኖረች፣ ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምትባል ሴት ናት። ታዲያ ሴቶቻችን አብነት አድርገው የያዟት እመቤታችን ዝምተኛ ነበረችን? በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ላይ መልአኩ ሲያበስራት እንዝርት ይዛ ፈትል ስትፈትል እናያታለን፤ የጋይንት ሴት ሥራዋን በእጇ እንደያዘች ማለት ነው። የመጣላትን ብሥራት ዝም ብላ አልተቀበለችም፤ ይህ እንዴት ይሆናል ብላ ጠየቀች፤ መልስ ካገኘች በኋላ ነው እሺ ያለችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ተራራማው አገር ሄደች፤ በስተርጅና የፀነሰችውን ኤልሳቤጥን ጠየቀች፤ ሦስት ወር ያህልም አብራት ቆየች። እኔ እንደ አዋላጅ ይህን ሳነብ አንዲት ነፍሰ ጡር ሌላዋን ስትንከባከብ አያለሁ። በቃና ሰርግም የጎደለውን አይታ አፍ አውጥታ የተናገረችው እሷ ናት።

በሥራ ባልደረቦቼ ፊት የምኮራባቸው ሁለት ሴቶች ግን በኦሪት ዘጸአት መጀመሪያ ላይ አሉ፤ ሲፓራና ፉሐ የሚባሉት አዋላጆች። ፈርዖን ወንዶቹን ሕፃናት በማዋለጃው ላይ እንዲገድሉ አዘዛቸው። እግዚአብሔርን ፈርተው አልገደሉም፤ ተጠርተው ሲጠየቁም ንጉሡ ፊት ቆመው መለሱ። የታላቁ ንጉሥ ስም በዚያ ታሪክ ውስጥ አልተጻፈም፤ የሁለቱ አዋላጆች ስም ግን ተጽፏል። እዚያ ምዕራፍ ላይ ፈሪሃ እግዚአብሔር የታየው በዝምታ አይደለም፤ ሕይወትን በማዳንና ለኃያል ሰው እምቢ በማለት ነው። እግዚአብሔርም ለእነዚያ ሴቶች ቤት ሠራላቸው። ትዳርና ልጅ የሴት በረከት ነው የሚለውን ትምህርት ከልቤ እቀበላለሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን በረከቱ የመጣው ከእምቢታቸው በኋላ መሆኑን አብረን እናንብብ።

ቅዱስ ጳውሎስ ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ ብሏል የሚሉኝ አባቶች አሉ፤ አዎ፣ ተጽፏል። ያው ጳውሎስ ግን በሮሜ መልእክቱ መጨረሻ ፌቤንን አደራ ብሎ ያስተዋውቃል፤ ከእሱ ጋር የሠራችው ጵርስቅላም ከባሏ ጋር ሆና ሊቁን አጵሎስን አስተምራለች። በእኛም አገር የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ሆነው ቅኔ አስተምረዋል። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በጣና ዳር፣ በቆራጣ የምትታወቀው ወለተ ጴጥሮስ ደግሞ የአፄ ሱስንዮስ ሹም ሚስት ነበረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው እንደሞቱባት ገድሏ ይናገራል። ንጉሡ ሃይማኖት ሲለውጥ ቤቷን ትታ ወጣች፤ ፊቱ ቀርባም አልታዘዝም አለች። ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 17 ታስባታለች። ዝም ስላለች አይደለም ቅድስት የተባለችው።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ከተነሣ አይቀር ስለ ጋይንትም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት መሆናቸውን የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ያውቃል። ሊቃውንቱ ሲመሰገኑ ግን ተማሪውን ያበላው ማን እንደሆነ አይነሣም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ የሚለምነው በአንዲት ሴት ስም፣ በማርያም ስም ነው፤ ወጥታ ቁራሽ የምትሰጠውም ሴት ናት። የዚያ ዜማ ግማሽ ሸክም የተሸከመው በእነዚህ እናቶች መሶብ ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ መጨረሻ የተመሰገነችው ልባም ሴትም እንዲሁ እጇን ለድሃ የምትዘረጋ፣ እንዝርት የምትይዝ ናት፤ ነገር ግን እርሻ አይታ የምትገዛ፣ አፏን በጥበብ የምትከፍትም ናት። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም ሲሰጥ አንዳንዱ አዲስ ነገር መጣ አለ። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ግን በሙሴ ዘመን የአባታችንን ርስት ስጡን ብለው ጠይቀው ነበር፤ እግዚአብሔርም እውነታቸውን ነው ብሎ ፈረደላቸው።

ከባዱ ነገር የሚመጣው በጋብቻ ላይ ነው። ዲያቆን ቅስና ለመቀበል ድንግል ማግባት አለበት፤ ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ አከብረዋለሁ። ሥርዓቱ ግን ልጅ አግቡ አላለም። ቤተሰብ «እንዳትበላሽ» እያለ ፍርሃቱን ልጅቷ ላይ ይጭናል፤ ገና ዳሌዋ ያልጠና ልጅ ትዳራለች፤ ከዚያ በምጥ ወደ እኔ ትመጣለች። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። ሕጉን የመንግሥት ነገር ነው ብሎ ለሚያልፍ ሰው ኦሪት ዘፍጥረትን አነባለታለሁ። የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ለይስሐቅ ሊወስድ ሲቸኩል ቤተሰቧ ጠርተው ራሷን ጠየቋት፤ ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን አሏት፤ እሄዳለሁ ያለችው እሷ ናት። ያቺ ልጅ ከጉድጓድ ውኃ እየቀዳች ለዐሥር ግመሎች ያጠጣች፣ ጉልበቷ የጠና ልጅ ነበረች። የዲያቆን ሚስት ስትፈለግ የይስሐቅ ሚስት የተጠየቀችው ጥያቄ ይጠየቅላት፤ እሺም እምቢም ማለት በምትችልበት ዕድሜ ላይ ትጠየቅ።

ድንግልና ከተነሣ ዘንድ የጋይንቷን ከተማ የንፋስ መውጫን ነገር ዝም ብዬ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ የእመቤታችን የፍልሰታ ጾም እየተጾመ ሳለ፣ የሕወሓት ተዋጊዎች ከተማዋን ለዘጠኝ ቀን ያህል ይዘው ነበር። በእነዚያ ቀናት በተዋጊዎቹ መደፈራቸውን የከተማዋ 16 ሴቶች ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናግረው ድርጅቱ በ2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጎታል፤ አብዛኞቹ የተደፈሩት በቡድን ነው። በዚያው ጦርነት በትግራይ እህቶቻችን ላይም እንዲህ ያለ ግፍ በሌሎች ወታደሮች መፈጸሙን ያው ድርጅት መዝግቧል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ሴት ከቅርብ ሰው የምትሰማው የመጀመሪያ ምክር «ዝም በይ፣ አታውሪው» የሚል ነው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይጠቅማትም፤ ምክሩ ግን ቀናቱን ይበላባታል።

ያን ምክር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሰጠው ሰው አለ። የንጉሥ ዳዊት ልጅ ትዕማር በወንድሟ በአምኖን ስትደፈር፣ ሌላው ወንድሟ አቤሴሎም ዝም በይ፣ ነገሩን በልብሽ አትያዢው ብሏታል። እሷ ግን በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች ሄዳ ነበር፤ መጽሐፉም ጩኸቷን እንደ ነውር አልጻፈውም። በኦሪት ዘዳግም ያለው ሕግ ደግሞ በሜዳ በኃይል የተያዘችው ልጅ ሞት የሚገባው ኃጢአት የለባትም ይላል፤ ነገሯን የሚያመሳስለው ሰው ተነሥቶበት ከተገደለ ሰው ጋር ነው። የተገደለን ሰው ረክሷል የሚል የለም። ከእነዚያ ሴቶች ፊቱን ያዞረ ባል፣ ቃሉን ያጠፈ እጮኛ፣ ሥጋወ ደሙ ይገባት ይሆን ብሎ የተጠራጠረ ሰው ካለ ያን ምዕራፍ ከንስሐ አባቱ ጋር ተቀምጦ ያንብበው።

የንስሐ አባት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አገር እኔ ደጋግሜ ብናገር የማይሰማኝ አባወራ የንስሐ አባቱ አንድ ጊዜ ቢነግረው ይሰማል። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሲገቡ ሦስት ነገር የሚጠይቁ ቄስ በአካባቢዬ አሉ፤ ቃሬዛ የሚሸከሙት ሰዎች ተነግሯቸዋል ወይ፤ ቀኗ ሲቃረብ እናቶች ማቆያ ትገባለች ወይ፤ ምጥ ሲይዛት «ውሰዱኝ» ብትል ማንንም ሳታስፈቅድ ትወሰዳለች ወይ። ሦስተኛውን የሚጠይቁት ባልየው ባለበት፣ ፊቱን እያዩ ነው። የግንቦት ልደታ ሲደርስ፣ ሴቶቹ ከደጅ ተሰብስበው ንፍሮውን ሲቀምሱ፣ በጋይንትም በስማዳም በእስቴም ያሉ አባቶች ለጸሎት ሲጠሩ ይህችኑ ሦስተኛ ጥያቄ ለተሰበሰቡት ባሎች ሁሉ ቢያቀርቡልኝ እወዳለሁ።