አንድ ባንድ፣ ምርጥና መናኛ አልበም

‹‹ዘ ክላሽ›› የተሰኘው የእንግሊዝ የፐንክ ባንድ፣ በእኔ ግምት፣ የፐንክን ምርጥና መናኛ አልበሞች በስድስት ዓመት ውስጥ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ‹‹ለንደን ኮሊንግ›› ሬጌን፣ ስካንና ጃዝን ከፐንክ ጋር አዋሕዷል። ሁለት ሸክላ ሆኖ ሳለ በአንድ ሸክላ ዋጋ ነበር የተሸጠው፤ ኪሱ ለሳሳ ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ከበሮ መቺው ቶፐር ሄደን በ1982፣ ከዘፋኙ ጆ ስትራመር ጋር ዘፈኖቹን ይደርስ የነበረው ጊታሪስቱ ሚክ ጆንስ ደግሞ በ1983 ተባረሩ። በ1985 ‹‹ከት ዘ ክራፕ›› ሲወጣ ማናጀሩ በርኒ ሮድስ ፕሮዲውሰርም የዘፈን ደራሲም ሆኖ አረፈው! ከበሮው በማሽን ተተካ፤ የስታዲየም ጩኸት የሚመስል አዝማች ተደራረበበት። ‹‹ዚስ ኢዝ ኢንግላንድ›› ከሚለው ዘፈን በቀር ደግሜ የምሰማው የለም። ሆኖም ጆንስ ምን ያህል ተሸክሟቸው እንደነበር የገባኝ ይህንኑ አልበም ስሰማ ነው። ባንዱ በ1986 ፈረሰ።