ንቧ የምትቀስመው ከማን ደጅ ነው?

ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሲፈካ በመካነ ሰላም ዙሪያና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ቀበሌዎች ንብ አንቢዎች ቀፏቸውን መፈተሽ ይጀምራሉ። በህዳር የሚቆረጠው ማር ብዛትም ጣዕምም የሚወሰነው ንቧ በእነዚህ ሳምንታት በምትቀስመው አበባ ነው። ቀፎ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በጓሮ በመሆኑ ለአጥር የተተከለውም፣ ሳይተከል የበቀለውም ሁሉ የንቧ ደጅ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ጥንቃቄ የሚሹ አሉ። በፍግና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚበቅለው አጤ ፋሪስ ከቅጠሉ እስከ ፍሬው መርዛማ ስለሆነ ሳያብብ መነቀል አለበት። ቁልቋል ለንቧ ጥሩ ቀሰም ይሰጣል፤ ማሩ ግን አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ስለዚህ ቁልቋል ባበበበት ወቅት የተሠራውን እንጀራ ለይቶ ለንቦቹ ቀለብ መተው ይሻላል። ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ሙሉውን ማር ከገበያ ያስመልሳል።

በአበባ ምክንያት የሚጎዳ ማር በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት በጥቁር ባሕር አካባቢ ያለፉ የግሪክ ወታደሮች ማር በልተው መቆም እንዳቃታቸውና ከቀናት በኋላ እንዳገገሙ አብሯቸው የነበረው ዜኖፎን ጽፏል። ምክንያቱ ሮዶዴንድሮን የተባለው ቁጥቋጦ አበባ እንደሆነ ይታመናል።

ይሁን እንጂ ጓሮን ማጽዳት ብቻውን አይበቃም። ንብ ቀሰም ፍለጋ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ትበራለች። የተሻለ አበባ ካገኘች እሱን ትመርጣለች፤ ካጣች ግን ወደተገኘው ትሄዳለች። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ ጥሩውን ማብዛት ነው። ትሪ ሉሰርን ለከብት መኖ፣ ለአፈር ጥበቃና ለንብ ቀሰም በአንድ ጊዜ ያገለግላል። ጦስኝ፣ ግብጦና ባቄላም ንቧን በቅርብ ያውሏታል።

ከመርዛማ አበባ የከፋው ጉዳት የሚመጣው ከኬሚካል መርጫ ነው። ማላታይን ያበበ ባቄላ ላይ በቀን ሲረጭ ንቧ በማሳው ላይ ትሞታለች፣ ወይም ተመርዛ ወደ ቀፎዋ ትመለሳለች። ለስንዴና ለጤፍ አረም የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ደግሞ ንቧ የምትቀስማቸውን የአረም አበቦች ያጠፋል። ርጭት የግድ ከሆነ ሰብሉ ሳያብብ፣ ወይም ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ መሆን አለበት። ለጎረቤት ቀድሞ መንገርም ያስፈልጋል፤ ባለቀፎው በዋዜማው ማታ የቀፎውን በር አየር በሚያስገባ ነገር ዘግቶ፣ ውኃ አኑሮ ንቦቹን ማዳን ይችላል።

የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። በቀበሌ ደረጃ ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከሁለት ጎረቤታሞች ምክክር ነው። የንቧ ሞት ባለቀፎውን ማር ያሳጣዋል፤ ባለባቄላውንም አበባውን የምታዳቅልለትን ንብ ያሳጣዋል።