ከድንገተኛ ክፍል ስትወጡ አንድ ነገር ይዛችሁ ውጡ

ኬንያ ውስጥ በምኖርበት ካምፕ፣ በድንገተኛ ክፍል አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ የሚለውን ለእኛ ሰው በአማርኛ እነግራለሁ፤ የእኛን ሰው ሕመም ደግሞ ለሐኪሙ።

አንድ ቀን ጋሼ ብዬ የምጠራቸው አባት ራሴን አመመኝ ብለው መጡ። የደም ግፊታቸው 190 በ110 ነበር። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘና «ጨው ይቀንሱ፣ ሲጋራ ይተዉ፣ እንቅስቃሴ ያድርጉ» አላቸው። እኔም እንዳለ ተርጉሜ ሸኘኋቸው። በሩ ላይ ዘወር ብለው «ልጄ፣ በራሽን የሚኖር ሰው ምኑን ይመርጣል?» አሉኝ። ሰልፉ ረጅም ስለነበረ ፈገግ ብዬ አለፍኩት።

ከአምስት ወር በኋላ ጎረቤቶቻቸው ተሸክመው አመጧቸው። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏል። ኪኒኑን «ተሽሎኛል» ብለው ትተውት ኖሯል።

ያ ጥያቄ ግን መልስ ነበረው። ያን ቀን ያልመለስኩትን ዛሬ ልመልስ።

እውነት ነው፣ ዱቄቱን፣ ምስሩንና ዘይቱን አንመርጥም። ጨውን ግን ድስት ውስጥ የምንጨምረው እኛው ነን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በርበሬና ሚጥሚጣ ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶባቸው ነው የሚዘጋጁት። ከሱቅ የምንገዛው የሾርባ ቅመምም ጨው ይበዛዋል። ስለዚህ ወጡ ላይ ሌላ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱት። ሽንኩርት ወይም ሎሚ ካገኛችሁ ጣዕሙን በዚያ አምጡት።

እንቅስቃሴ ማለት ጂም መግባት አይደለም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። ፀሐዩ ሳይበረታ ጠዋት፣ ወይም ሲበርድ አመሻሹ ላይ።

ሲጋራ ያቆመ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በልብ በሽታ የመያዝ አደጋው ከሚያጨሰው ሰው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለሲጋራ የሚወጣው ሳንቲምም ለቤት ይተርፋል።

ኪኒኑ ደግሞ ሲሻላችሁ የሚቆም አይደለም። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ሳያምም ነው የሚጎዳው። የተሻላችሁ ኪኒኑ ስለሠራ ነው። ሳያልቅባችሁ ተመልሳችሁ ውሰዱ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ጀምሩ አልልም። ሰው ደንግጦ አልጋ ላይ ሲተኛ ልቡ ለምክር ክፍት ነው፤ አሥር ትእዛዝ ከሰጠነው ግን አንዱንም ይዞ አይወጣም። አሁን እኔ ሐኪሙን አስፈቅጄ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «ከእነዚህ ውስጥ ከነገ ጀምሮ የሚችሉት የትኛውን ነው?» መልሱን ራሳቸው ሲናገሩት ይጠብቁታል። ቤተሰብም እንደዚህ ይጠይቅ፤ ቁጣና ወቀሳ ሰውን መደበቅ ነው የሚያስተምረው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ የሰው ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ «ይለፍለት» ብላችሁ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ውሰዱት።

ጋሼ ዛሬ በከዘራ ይሄዳሉ። ግፊታቸውን ሊለኩ ሲመጡ «ጨዉን እማማ ደብቃብኛለች» ይሉኛል። አሁን ሰልፉ ቢረዝምም ቆሜ እሰማቸዋለሁ።