የሎጉ ባለቤት ማን ነው?

ጁን 15 ቀን 2023 በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኮምፒውተር ደኅንነት የሚከታተሉ ባለሙያዎች በመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል ሥርዓት ላይ ያልተለመደ ነገር አዩ። (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በማግሥቱ ማስጠንቀቂያው ተደጋገመ። የጮኸው ባለሙያዎቹ ራሳቸው አዘጋጅተው “ቢግ የሎው ታክሲ” ብለው የሰየሙት የመቆጣጠሪያ ደንብ ነበር። የደንቡ ሥራ ሎግ ማንበብ ነው። ማን፣ በየትኛው ፕሮግራም በኩል፣ የማንን የመልእክት ሣጥን እንደከፈተ የሚያሳየውን መዝገብ እየበረበረ ከወትሮው የተለየ ሲያገኝ ያስጠነቅቃል። ሚኒስቴሩ በዚያው ዓርብ ለማይክሮሶፍት አሳወቀ። ምርመራው ሲገፋ ሰርጎ ገቦቹ ከሜይ አጋማሽ ጀምሮ በሰው ደብዳቤ ውስጥ ሲመላለሱ እንደከረሙ ታወቀ።

የ22 ድርጅቶችና ከ500 በላይ ግለሰቦች ኢሜይል ተከፍቷል። የያኔዋ የንግድ ሚኒስትር ጂና ራይሞንዶ፣ በቤጂንግ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ኒኮላስ በርንስና የነብራስካው የምክር ቤት አባል ዶን ቤከን ከተጠቂዎቹ መካከል ናቸው። ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ብቻ 60 ሺህ ያህል መልእክቶች ተወስደዋል። ማይክሮሶፍት ቡድኑን ስቶርም-0558 ብሎ ሰየመው፤ መነሻውም ቻይና ነው አለ። ቤጂንግ አስተባበለች።

ዜናው ያኔ በሰፊው ተወርቷል። ሌባው የተያዘበት መንገድ ግን የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። ያ ሎግ ለሁሉም ደንበኛ አይሰጥም ነበር። የሚያየው ኢ-5 የተባለውን፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ጂ-5 የሚባለውን ውድ ላይሰንስ የገዛ ብቻ ነበር። የኢ-5 ዋጋ በወቅቱ ለአንድ ተጠቃሚ በወር 57 ዶላር ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ኢ-3 ደግሞ 36 ዶላር ነበር። ርካሹን የገዛ መሥሪያ ቤት ያው ሌባ ቢገባበት የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። ውጭ ጉዳይ ከፍሎ ነበር፤ አየ።

ሰርቨሩ በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ተቆልፎበት በሚቀመጥበት ዘመን ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር። ማሽኑ የራስህ ከሆነ፣ ማሽኑ የሚጽፈውም የራስህ ነው። ክላውድ መጣና ማሽኑም መዝገቡም ወደ ሦስተኛ ወገን ሄዱ። ነገሩ በትልቅ ሕንፃ ላይ ቢሮ እንደተከራየ ሰው ነው። በር ላይ የቆመው ጥበቃ የሚገባና የሚወጣውን ይመዘግባል፤ ጥበቃው ግን የአከራዩ ሠራተኛ፣ መዝገቡም የአከራዩ ንብረት ነው። ቢሮህ በሌሊት ቢከፈት፣ ማን እንደከፈተው የሚያውቀው አንተ አይደለህም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ ቁልፉ የጠፋው ከአከራዩ ቤት ነው። ሰርጎ ገቦቹ የተጠቀሙት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ለተራ ተጠቃሚዎች መግቢያ ያዘጋጀውን የፊርማ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ቀደም ብሎ ከሥራ መውጣት ነበረበት፤ አልወጣም። ለተራ ተጠቃሚ የተሠራ ቁልፍ የድርጅቶችን በር መክፈትም አልነበረበትም፤ ከፈተ። እንዴት እንደተሰረቀ ሲጠየቅ ኩባንያው በሴፕቴምበር 2023፣ ሥርዓቱ በ2021 ሲበላሽ በተቀረጸ ፋይል ውስጥ ሾልኮ ሳይወጣ አልቀረም አለ። በማርች 2024 ቁልፉን የያዘ እንዲህ ያለ ፋይል እንዳላገኘ አመነ። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ገምጋሚ ቦርድ በኤፕሪል 2024 ባወጣው ሪፖርት ጥቃቱን መከላከል ይቻል እንደነበር ገልጾ፣ የኩባንያውን የደኅንነት ባህል በቂ አይደለም ብሎ ኮነነው። የአሜሪካ መንግሥት ሪፖርት በእንዲህ ያለ ቋንቋ ግዙፍ አቅራቢውን ሲናገር እምብዛም አይሰማም።

ስለ ክፍያው የተነሣው ጥያቄ ግን ከስርቆቱ ይቀድማል። በዲሴምበር 2020 ሶላርዊንድስ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በኩል የተፈጸመው ጠለፋ ሲጋለጥ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ምን እንደተወሰደባቸው ለማወቅ ወደ ሎጋቸው ዞሩ፤ ብዙዎቹም ያልተመዘገበ ወይም ያልተከፈለበት ሆኖ አገኙት። በፌብሩዋሪ 2021 የሮድ አይላንዱ የምክር ቤት አባል ጂም ላንጅቪን የማይክሮሶፍቱን ፕሬዚዳንት ብራድ ስሚዝን ለምን በሎግ ላይ ተጨማሪ ታስከፍላላችሁ ብለው ጠየቁ። መልሱ፣ እኛ ለትርፍ የቆምን ኩባንያ ነን የሚል ነበር። ሐቀኛ መልስ ነው፤ ሐቀኛ መሆኑ ግን አያጸድቀውም። የመኪና ፋብሪካ የፍሬን መብራትን ለብቻው ሊሸጥ ቢሞክር ገበያው ራሱ አይቀበለውም። በሶፍትዌር ግን ለዓመታት ተቀበልነው።

ኩባንያው ሐሳቡን የቀየረው ስርቆቱ ይፋ ከሆነ በኋላ በጁላይ 2023 ነው፤ በርካታ ሎጎችን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚከፍት አስታወቀ። በፌብሩዋሪ 2024 ለአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በሙሉ ተዳረሰ፤ ሎጉ በመደበኛነት የሚቆይበት ጊዜም ከ90 ወደ 180 ቀን ከፍ አለ።

መዝገቡን መቀበል ግን አንድ ነገር፣ ማንበብ ሌላ ነገር ነው። ዋይት ሐውስ በኦገስት 2021 ባወጣው መመሪያ መሥሪያ ቤቶች አብዛኛውን ሎግ ለ12 ወራት በቀላሉ በሚደረስበት ቦታ፣ ከዚያ ለ18 ወራት በመጋዘን እንዲያቆዩ አዝዞ ነበር። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2023 መጨረሻ ሲመዝናቸው ከ23 መሥሪያ ቤቶች የሚፈለግባቸው ደረጃ ላይ የደረሱት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ 17ቱ ዜሮ ደረጃ ላይ ቀርተዋል። የሰው ኃይል የለንም፣ ቴክኒኩ ከብዶናል አሉ። አያስደንቅም። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሎግ እንደ ጎርፍ ነው የሚወርደው፤ ማከማቻው ገንዘብ፣ የሚያነበው ባለሙያ ደግሞ ከገንዘብም በላይ ብርቅ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው፣ እንግዲያው ሎግ በዛ ማለት ደኅንነት በዛ ማለት ነው ሊል ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም ሎግ ሌባውን ብቻ አይመዘግብም። ኔትፍሎው የሚባለውን ሎግ እንውሰድ። የመልእክቱን ይዘት አይነካም፤ የትኛው አድራሻ ከየትኛው ጋር፣ መቼ፣ ምን ያህል መረጃ እንደተለዋወጠ ብቻ ይይዛል። ቲም ኪምሩ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ይህን መዝገብ ከኢንተርኔት አቅራቢዎች ይሰበስባል፤ በምትኩ ስለ ጥቃቶች መረጃ ይሰጣቸዋል። ለጠላፊ አዳኞች ወርቅ ነው። ነገር ግን ሴናተር ሮን ዋይደን በሴፕቴምበር 2022 እንዳጋለጡት፣ ከዚሁ መረጃ የተሠራውን ኦገሪ የተባለ መሣሪያ የባሕር ኃይሉንና የምድር ጦሩን ጨምሮ የአሜሪካ ወታደራዊ ተቋማት ይገዙት ነበር። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲው በአገር ውስጥ የሚደረግ ግንኙነትን የሚያሳይ ኔትፍሎው እንደሚገዛ አመነ። የፍርድ ቤት ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችል የነበረውን መረጃ በገበያ ማግኘት ተቻለ። የኢንተርኔት ደንበኛው፣ የእኔ ዱካ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀበት ጊዜ የለም፤ የሚጠይቀውስ ማንን ነው?

አውሮፓ ይህን በፍርድ ቤት ሞክራዋለች። ጀርመናዊው ፓትሪክ ብሬየር የፌዴራል መንግሥቱ ድረ ገጾች የጎብኚዎችን አይፒ አድራሻ መመዝገባቸውን ተቃውሞ ከሰሰ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2016 ሲወስን፣ ከአይፒ አድራሻው ጀርባ ያለውን ሰው በሕጋዊ መንገድ ለይቶ ማወቅ እስከተቻለ ድረስ ተለዋዋጭ አይፒም የግል መረጃ ነው አለ። ድረ ገጹን ከጥቃት ለመጠበቅ ሲባል መመዝገብን ግን በጭፍን አልከለከለም፤ ጥቅሙና ጉዳቱ ይመዘን አለ። ሁለቱንም ወገን ያላስደሰተ ብይን ነው፤ ለእኔ ግን እስካሁን ካየሁት ሁሉ ልክ የሆነው እሱ ነው።

በእኛም አገር፣ በኢትዮጵያ፣ መመዝገብና መጠበቅ የሚሉት ሁለቱ ሐሳቦች በሁለት አዋጆች ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በ2008 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም የግንኙነት መዝገብን፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። የ2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የግል መረጃ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ መቆየት የለበትም ይላል። አንዱ አቆይ፣ ሌላው አታብዛ እያለ ነው። ሁለቱ በተግባር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በኔትወርክ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ባለሙያ ከሕግ አዋቂው ቀድሞ የሚገጥመው ይመስለኛል። ኢሜይሉን በውጭ ኩባንያ ክላውድ ላይ ያሳደረ የአዲስ አበባ ድርጅት ደግሞ ሎጉን የሚያገኘው በዚያ ኩባንያ ውል ልክ ነው።

ክፍያው ቀርቶም መዝገቡ አስተማማኝ አልሆነም። ከሴፕቴምበር 2 እስከ 19 ቀን 2024 በማይክሮሶፍት የውስጥ ሶፍትዌር ላይ በተፈጠረ እክል የአንዳንድ ደንበኞች የደኅንነት ሎግ በከፊል ሳይሰበሰብ ቀረ። ጥቃት አልነበረም፣ የራስ ስህተት ነው። ደንበኛው ሌላ ቅጂ ስላልነበረው ማድረግ የሚችለው ማስታወቂያውን ማንበብ ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ሶልት ታይፉን የተባለው ቡድን የአሜሪካ ቴሌኮም ኩባንያዎችን እንደሰረሰረ ተሰማ፤ ዘጠኝ ኩባንያዎች ተቆጠሩ። የያኔዋ የዋይት ሐውስ ባለሥልጣን አን ኑበርገር ሰርጎ ገቦቹ ሎግ እያጠፉ ይሄዱ እንደነበር፣ ብዙ ኩባንያዎችም ከመጀመሪያው በቂ ሎግ ይይዙ እንዳልነበር ተናገሩ። በአንደኛው ኩባንያ አንድ የአስተዳዳሪ መለያ ብቻውን ከ100 ሺህ በላይ ራውተሮችን ይከፍት ነበር። ምርመራውን የጀመረው ማይክሮሶፍትን የገመገመው ያው ቦርድ ነው። በጃንዋሪ 2025 አዲሱ አስተዳደር የቦርዱን አባላት ሲያሰናብት ሥራው ገና አላለቀም ነበር።