ሁለቱን ትታችሁ ኑ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 መገባደጃ ላይ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውቶ ዘጠኙንም አሸንፎ ነበር። ቡድኑ ዶንስ ይባላል። የስፖርት ጋዜጠኞች በአገር አቀፉ የደረጃ ሰንጠረዥ 14ኛ አድርገውታል። ከተጫዋቾቹ መካከል ኦሊ ማትሰን፣ ጂኖ ማርቼቲና ቦብ ሴንት ክሌር ኋላ በፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ገብተዋል፤ ከአንድ የኮሌጅ ቡድን ሦስት ሰው ለዚያ ክብር መብቃቱ ብርቅ ነው። ያም ሆኖ አዲሱ ዓመት ሲገባ ከእነሱ ያነሰ ውጤት ያላቸው ቡድኖች በስታዲየም ሲጫወቱ፣ የዶንስ ልጆች ቤታቸው ተቀምጠው ነበር።

በዚያ ዘመን የኮሌጅ ፉትቦል በጥሎ ማለፍ የሚለይ ሻምፒዮን አልነበረውም። መደበኛው ውድድር ሲያበቃ ሞቅ ያለ አየር ባላቸው ከተሞች የሚገኙ ኮሚቴዎች ደስ ያሏቸውን ቡድኖች ጠርተው በጃንዋሪ መባቻ ቦል በሚባሉ ጨዋታዎች ያጋጥሙ ነበር። ኦሬንጅ ቦል በማያሚ፣ ሹገር ቦል በኒው ኦርሊንስ፣ ጌተር ቦል በጃክሰንቪል፣ ኮተን ቦል በዳላስ ይካሄዱ ነበር። በእነዚህ ከተሞች ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ኮሚቴው ማንን ለምን እንደጠራ፣ ማንን ለምን እንደተወ እንዲያስረዳ የሚያስገድደው አልነበረም። ጥቁር ተጫዋቾችን የሚያገለው ዘረኝነት ለብዙ ዓመታት ሳይነካ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በወረቀት ያልሰፈረን ክልከላ ማንም ፍርድ ቤት አቁሞ ሊሞግተው አይችልም።

ዶንስ የኢየሱሳውያን ካህናት የሚያስተዳድሩት ትንሽ ትምህርት ቤት ቡድን ነበር። አሠልጣኙ ጆ ኩሃሪች ጥብቅ ሰው ነበር። ልጆቹም ከጦርነት በኋላ የመጣ ትውልድ ናቸው፤ ማርቼቲ ለምሳሌ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት በጀርመን ግንባር መትረየስ ተኳሽ ሆኖ ተዋግቷል። በቡድኑ ውስጥ ጥቁሮች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ትውልዱ ቴክሳስ የሆነው ማትሰን ሲሆን ሌላው ከሜምፊስ የመጣው በርል ቶለር ነው። ከዚያ በፊት በሳን ፍራንሲስኮ ሲቲ ኮሌጅም አብረው ተጫውተዋል። የቡድኑን ወሬ ለጋዜጦች የሚያደርሰው የ25 ዓመቱ ፒት ሮዜል ነበር። ይህን ስም እናቆየው።

ማትሰን በዚያ ዓመት ኳስ ይዞ 1,566 ያርድ ሮጧል፤ በአገሪቱ የሚስተካከለው አልተገኘም። 21 ታችዳውንም አስቆጥሯል። ኒውዮርክ ላይ ፎርደምን 32 ለ 26 ሲያሸንፉ ተጋጣሚ የመታውን የመክፈቻ ኳስ ሁለት ጊዜ ተቀብሎ ሁለቱንም ሜዳውን አቋርጦ ታችዳውን አደረገው። ለምርጡ የኮሌጅ ተጫዋች በሚሰጠው የሃይዝማን ሽልማት ግን ዘጠነኛ ወጣ።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በኦክላሆማ ሌላ ነገር ሆነ። የድሬክ ዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተጫዋች ጆኒ ብራይት ኳሱ ከእጁ ወጥቶ ሳለ የተጋጣሚው ተከላካይ በክንዱ መትቶ መንጋጋውን ሰበረው። ድርጊቱን ሁለት የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች በተከታታይ ምስል አስቀሩት፤ በተከታዩ ዓመት ፑሊትዘር ተሸለሙበት። ጥቁር ተጫዋች ወደ ደቡብ ሜዳ ሲወርድ ምን እንደሚጠብቀው አገሩ በሙሉ በዓይኑ ያየው በዚያ ሰሞን ነው።

ኖቬምበር ላይ ዶንስ ፓሲፊክን 47 ለ 14 ረታ፤ በመጨረሻው ጨዋታም ሎዮላን 20 ለ 2 አሸነፈ። ተጫዋቾቹ በኋላ ደጋግመው እንደመሰከሩት፣ ወደ ኦሬንጅ ቦል የሚወስደው መንገድ ክፍት መሆኑ ተነገራቸው፤ ነገር ግን ማትሰንና ቶለር መቅረት አለባቸው። አልተወያዩበትም። ሁለቱ ካልሄዱ ማንም አይሄድም አሉ። ሁሉም የተማሪ ኪስ ያላቸው፣ ብዙዎቹም ለፕሮፌሽናል ክለቦች መታየት የሚፈልጉ ወጣቶች መሆናቸውን ሳስብ፣ ያ መልስ ያለ ምንም ማቅማማት መውጣቱ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ዶንስ ያልተጠራው ተጋጣሚዎቹ ደካሞች ስለነበሩ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሳን ሆዜን ሁለት ጊዜ ገጥሟል፤ ከወታደር ካምፕ ቡድኖችም ጋር ተጫውቷል። ቡድኑ ዝቅ ተደርጎ የታየበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ደካማ ተጋጣሚ የነበረው ቡድን አይጠራም እንጂ ሁለት ተጫዋቹን ቤት እንዲያስቀር አይጠየቅም። የደቡብ ሕግ ኮሚቴዎቹን አስገድዷቸው ነው የሚለውም አያስኬድም። በጃንዋሪ 1948 ፔን ስቴት ጥቁር ተጫዋቾቹን ዋላስ ትሪፕሌትንና ዴኒስ ሆጋርድን ይዞ ዳላስ ገብቶ በኮተን ቦል ከኤስ ኤም ዩ ዩኒቨርሲቲ ጋር 13 ለ 13 ተለያይቷል። ቴክሳስ የቻለችውን ፍሎሪዳ አልቻልኩም ልትል አትችልም። ያልፈለጉ ሰዎች ናቸው የከለከሉት።

የዶንስ ፉትቦል ዓመቱን አልተሻገረም። ወጪው ከገቢው በልጦ የነበረው ዩኒቨርሲቲ ቡድኑን ዘጋው። የአንድ ቦል ጨዋታ ገንዘብ ያድነው ነበር ወይ ማለት ከባድ ነው፤ ኪሳራው ከዚያ በፊትም ነበረና። ሆኖም ሂሳቡን የከፈሉት ልክ የሠሩት ልጆች ናቸው፤ በሩን የዘጉት ኮሚቴዎች በቀጣዩ ዓመትም፣ ከዚያም በኋላ ጨዋታቸውን አዘጋጁ፣ ትኬታቸውን ሸጡ። ፒትስበርግ ጥቁር ተጫዋቹን ቦቢ ግሪየርን አሰልፎ ሹገር ቦል ላይ ሲጫወት 1956 ገብቶ ነበር። ያኔም የጆርጂያው ገዥ ማርቪን ግሪፊን ጆርጂያ ቴክ እንዳይገጥመው ለማገድ ሞክሯል፤ የቴክ ተማሪዎች ራሳቸው ሰልፍ ወጥተው ተቃወሙት።

ልጆቹ ተበተኑ፤ አብዛኞቹ ግን አልጠፉም። ማትሰን በ1952 ሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በአራት በ400 ሜትር ቅብብል ብር አገኘ፤ ከዚያ ፕሮፌሽናል ሆነ። በ1959 ሎስ አንጀለስ ራምስ እሱን ለመውሰድ ዘጠኝ ተጫዋች ሰጠ። ያንን ልውውጥ የፈጸመው የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ፒት ሮዜል ነበር፤ የቀድሞው የዶንስ ወሬ አቀባይ። ማርቼቲ በባልቲሞር፣ ሴንት ክሌር በሳን ፍራንሲስኮ ስም አተረፉ።

ከሁሉም ይበልጥ የምመለስበት ሰው ግን ቶለር ነው። በ1952 ቺካጎ ውስጥ በተደረገ የኮሌጅ ኮከቦች ጨዋታ ጉልበቱን ክፉኛ ተጎድቶ የፕሮፌሽናል ሕይወቱ ሳይጀመር አበቃ። መምህር ሆነ፤ ቀጥሎም የሳን ፍራንሲስኮ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። በ1965 ደግሞ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊጉን በኮሚሽነርነት ይመራ የነበረው ሮዜል በዳኝነት ቀጠረው። በዋነኞቹ የአሜሪካ ስፖርቶች ሊጎች ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ እሱ ነው። በ1980 በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሱፐር ቦል ላይ ዳኘ፤ በሜዳው ላይ በአጠቃላይ 25 የውድድር ዘመን ቆየ።

ዩኒቨርሲቲው በ2006 ለቡድኑ አባላት የክብር ዲግሪ ሰጠ። ሃምሳ አምስት ዓመት አልፎ ነበር፤ ቶለር ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ።